ለሥራ ወደ ገለጉ ሲሄዱ

በጥቅምት ወር ሥራ ወደ ገለጉ ቢወስድዎ አስቀድሞ የሚቀበልዎ የቆላው ሙቀት ነው። የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ገለጉ ወቅቱ የሰሊጥ አጨዳ ነው። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ሲደርቅ ቅርፊቱ ተከፍቶ ፍሬው ይረግፋልና ከደጋ የወረደው አጫጅም፣ ነጋዴውም፣ የግብርና ባለሙያዋም ይጣደፋሉ።

በዚህ ጥድፊያ መካከል በስልክ የሚገኘው ኢንተርኔት ቅንጦት አይደለም። የገበያ ዋጋ የሚጠየቀው፣ ሪፖርት የሚላከው፣ ማታ ደግሞ የልጅ ፊት የሚታየው በእርሱ ነው። ጥቅሙ ይበልጥ የታወቀው ሲጠፋ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ በአንዳንድ ከተሞች እንኳ የተመለሰው አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ነበር።

ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሰላም ይጠይቁ። ለሥራ የሚያስፈልግዎትን ጽሑፍ በወረቀት ይያዙ። በቴሌብር *127# ደውሎ ገንዘብ መላክን ይልመዱ፤ የስልክ መስመር እንጂ ኢንተርኔት አይሻም። ልጆችዎንም ቁጭ አድርገው፣ «ስልኬ ዝም ቢል መስመሩ ነው እንጂ እኔ አልረሳኋችሁም» ብለው ይንገሯቸው። ይህን የሰማ ልጅ እንቅልፍ አያጣም።