አሮጌውን ቀድሜ ያጠፋሁ ለት

ባለፈው ቅዳሜ ማታ የኮምፒውተሬን ዓይን በገዛ እጄ አጠፋሁት።

የምተዳደረው የሰርግ ቪዲዮ በማቀናበር ነው። ስድስተኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰር ያለው ያገለገለ ዴስክቶፕ አለኝ፤ እስካሁን እንጀራ ያበላኝ ከሲፒዩው ጋር አብሮት የመጣው ግራፊክስ ነው። ቀለም ማስተካከል ስጀምር እየተንቀራፈፈ ሲያስቸግረኝ ግን ብር አጠራቅሜ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ገዛሁ። የሸጠልኝ ልጅ፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ አብሮት ያለውን ከባዮስ ያጥፉት፤ አለዚያ ሁለቱ ይጣላሉ» አለኝ።

እንደተባልኩት አጠፋሁት። ሴቭ አድርጌ ወጣሁ። ፋኑ ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ጥቁር።

አልደነገጥኩም፤ ካርዱን ስሰካ ይመለሳል ብዬ። ካርዱ ግን ባለ ስድስት ፒን የራሱ የኃይል ገመድ ይፈልጋል፤ የኔ ፓወር ሰፕላይ ያንን ገመድ አልፈጠረበትም። የማዘርቦርዱ ማስገቢያ ለካርዱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ባለ ስድስት ፒኑ ገመድ ሌላ 75 ይጨምራል፤ ባለ ስምንቱ 150። ይህን የማውቀው ዛሬ ነው። ያን ማታ የማውቀው፣ ያጠፋሁትን ለማብራት ባዮስ መግባት እንዳለብኝ፣ ባዮስ ለመግባት ደግሞ ማየት እንዳለብኝ ብቻ ነበር። ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን የዘጋ ሰው ሆንኩ። አንዳንድ ማዘርቦርድ ሌላ ካርድ ሲያጣ የራሱን መልሶ ያበራል አሉ፤ የኔው አላዘነልኝም።

ያወጣችኝ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ሲአር 2032 ባትሪ ናት። የባዮሱን ሴቲንግና ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ነች። ገመዱን ከሶኬት ነቅዬ፣ በካቻቢቴ ጫፍ ፈልቅቄ አወጣኋት፤ ቡና እስኪፈላ ጠብቄ መለስኳት። ባዮሱ ሁሉን ረስቶ እንደ አዲስ ተነሣ፤ ምስሉም መጣ።

ልጁን አልቀየምኩትም። ምክሩ በጊዜው እውነት ነበር። ግራፊክሱ ማዘርቦርዱ ላይ በነበረበት ዘመን፣ እነ ኢንቴል 810 በወጡበት በ1999 አካባቢ፣ የሁለት አምራች ድራይቨር አንድ ዊንዶውስ ላይ ሲገናኝ መናቆሩ ያለ ነገር ነበር። ራምም በሜጋባይት ሲቆጠር ከላዩ ላይ ቆንጥሮ የሚወስድ ግራፊክስ ሸክም ነው። በ2011 ኢንቴል ግራፊክሱን ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ቺፕ ላይ አዋሃደው። ዛሬ ባዮሱ «አውቶ» ላይ ከሆነ ካርድ ሲያይ ራሱ ወደ ካርዱ ይዞራል፤ ከእናንተ የሚጠበቀው የሞኒተሩን ኬብል ከማዘርቦርዱ ነቅሎ ካርዱ ላይ መሰካት ነው። (ኬብሉን ሳያዛውር «ካርዱ ምንም ለውጥ የለውም» ብሎ ሊመልሰው የነበረ ጓደኛ አለኝ። ስሙን አልናገርም።)

ሰኞ ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩ፣ ካርዱን ሰካሁ፣ አሮጌውን ደግሞ ሆን ብዬ «ኢኔብልድ» አድርጌ አስቀረሁት። ምክንያቱም ክዊክ ሲንክ የሚባለው የኢንቴል ቪዲዮ መጭመቂያ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። አሁን ቀለሙን ካርዱ ይሠራል፤ የመጨረሻውን ፋይል ሲያወጣ አሮጌው ያግዛል። ካርዱ አንድ ቀን ቢሞትብኝም የማይበት አላጣም። ስማቸው በኤፍ የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ያሏችሁ ግን ይህ መጠባበቂያ የላችሁም፤ የሚጠፋም ነገር የለም።

የግድ ማጥፋት ያለባችሁ ካላችሁ፣ አዲሱ ካርድ ምስል ካሳየ በኋላ ይሁን። ካርድ ከመግዛታችሁ በፊትም የፓወር ሰፕላያችሁን ገመድ ቁጠሩ።

እኔ ባትሪዋን ስመልስ ሰዓቱን ማስተካከል ዘነጋሁ። የዚያን ሌሊት የጨረስኩት የሰርግ ፋይል ላይ ቀኑ ጃንዋሪ 1፣ 2016 ይላል። ሙሽሮቹ ያኔ ገና አልተዋወቁም።