የኔንም ድርሻ ንዱልኝ

በየሰው ቤት ያላችሁ፣ ሥራ ላይ ሆናችሁ ስልካችሁን ደብቃችሁ የምታነቡ ሁሉ ሰላማችሁ ይብዛ። ስሜን አልጽፍም። ማዳሜ አማርኛ ባታነብም ነጋሪ አይጠፋም። እዚህ ብዙ ጊዜ የምናነበው የሚያስለቅስ ታሪክ ነው። የኔም ትንሽ እንባ አለው፤ ዛሬ ግን ሳይክል ስለነዳንበት እሁድ ልንገራችሁ።

ያለሁት ሊባኖስ፣ ቤሩት ነው። አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ያደግኩት ወረታ አጠገብ ገጠር ነው። ሳይክል የማየው በገበያ ቀን ነበር፤ የሚነዱትም ወንዶች ናቸው። እኛ ሴቶቹ ሸክም ይዘን በእግራችን ነው። እዚህ መጥቼ ግን የማዳሜን ልጅ ሳይክል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አዎ፣ መንዳት የማልችለው እኔ! ልጅቷ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ኮርኒሽ፣ ባህሩ ዳር እየወሰድኳት መቀመጫውን ከኋላ ይዤ እሮጣለሁ። "ወደ ፊት እዪ፣ ወደ ታች አትዪ" እላታለሁ። አንድ ቀን ለቀቅ ሳደርጋት ሄደች። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ማዳም ቪዲዮ እየቀረጸች ነበርና "አንቺ ዞር በይ፣ እየታየሽ ነው" አለችኝ። ዞር አልኩ። ቪዲዮው ላይ ልጅቷ ብቻዋን ናት።

እሁድ እሁድ የምንገናኝ ስምንት ሴቶች አለን። ዳውራ አንዷ በተከራየችው ክፍል ቡና እናፈላለን፣ ዕቁብ እንጥላለን። ወሬያችን ያው የምታውቁት ነው፤ ማዳም፣ ደመወዝ፣ ከአገር ቤት "ላኪ" የሚል ስልክ። አንድ እሁድ የባህር ዳሯ እህታችን ስኒ እያጠበች "ለምን ሳይክል አንነዳም?" አለች። ሳቅንባት። እሷ ግን የምሯን ነው። ባህር ዳርን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከተማው ሜዳ ነው፣ ሳይክል የሞላበት ነው። ልጅ ሆና ትምህርት ቤት የምትመላለሰው በወንድሟ ሳይክል ነበር። ቦታውንም ታውቀዋለች። በቃ የሚባለው ሸለቆ ውስጥ ታናየል የሚባል የገዳም እርሻ አለ፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጀስዊት መነኮሳት ያለሙት መሬት ነው። ዛፍ የተተከለበት የአፈር መንገድ አለው፣ መሀሉ ላይ ሐይቅ፣ በር ላይ ሳይክል ይከራያል። ድሮ የነበረችበት ቤት ሰዎች ልጅ እንድትይዝላቸው ወስደዋት ነበር። "እነሱ ሲነዱ እኔ የሕፃን ጋሪ ስገፋ ዋልኩ" አለችን። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም።

ፈቃዱን እንዴት አገኘሽ የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እሁድ የሚባል አላውቅም። ወረቀት ሲታደስ ግን ማዳም "ትቆያለሽ?" ስትለኝ "እሁዴን ከሰጠሽኝና ኢቃማዬ እኔ ጋ ከሆነ" አልኳት። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያልኩት። በፈረንጆቹ 2009 በወጣው የሊባኖስ ውል ላይ እኮ በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ተከታታይ ዕረፍት ተብሎ ተጽፏል። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ፣ በአራተኛው ተስማማች። ሁሉም ማዳም እንዲህ አይደለችም፣ አውቃለሁ። ብቻ ጉልበት ካለን ያለን እነሱ "ቆዪልን" ሲሉ ነውና ያንን ቀን በዝምታ አታሳልፉት።

ከፋሲካ በኋላ ባለ አንድ እሁድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ኮላ፣ ቫኖች የሚነሱበት ጋ ተገናኘን። የባህር ዳሯ ከሁላችን ቀድማ ደርሳለች። ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ እንቁላል ቀቅላ በትልቅ ፌስታል ይዛለች። ቫኑ ውስጥ ስንገባ እሷ አልገባችም። ፌስታሉን በመስኮት አቀበለችኝና "ዳህር ኤል ባይዳር ላይ ኬላ አለ" አለች። እሷ ወረቀት የላትም። ከነበረችበት ቤት ደመወዝ ከልክለዋት ነው የወጣችው፤ ፓስፖርቷ እነሱ ጋ ቀርቷል። ከጅምሩ እንደማትሄድ እያወቀች ነው ዳቦውን የጋገረችው። "እንግዲያው እንቅር" ስንል ተቆጣች። "አንቺ ደግሞ! የኔንም ድርሻ ንዱልኝ" አለችና ፊቷን አዞረች።

መንገዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወጣል። ዳህር ኤል ባይዳር ከ1500 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ የደብረ ታቦርን አስታወሰኝ። ወታደሩ አንገቱን አስገብቶ "ኢቃማ" አለ። ሰባታችንም አወጣን። እያንዳንዷን ካርድ አገላብጦ አየና "ወዴት ናችሁ?" አለ። የወሎዋ "ሳይክል ልንነዳ" ስትለው ፈገግ ብሎ አሳለፈን። እኔ ግን ካርዴን ስመልስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዲት ፕላስቲክ ናት እኮ እኛን ከእሷ የለየችን።

ታናየል ስንደርስ የገረመኝ ሜዳው ነው። ግራ ቀኙ አረንጓዴ፣ ከሩቅ ተራራው ላይ በረዶ። አከራዩ ሰባት ሳይክል ሰጠን። መንዳት የሚችሉት ሁለት ብቻ ናቸው። ያቺ የማዳሜን ልጅ ያስተማርኩ እኔ ወጣሁ፣ ወደቅሁ። ደግሜ ወጣሁ፣ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ጉልበቴ ተላጠ። ከሁላችን በዕድሜ የምትበልጠው የጅማዋ እህታችን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ "ነይ፣ እኔ ልያዝሽ" አለችና መቀመጫዬን ከኋላ ያዘች። እየሮጠች፣ እያለከለከች "ወደ ፊት እዪ!" ትለኛለች። ያው የኔው ቃል! ሳቄ መጣ። ስስቅ ሳለ ድምጿ ራቀብኝ። ለቃኛለች።

ምን ልበላችሁ! ነፋሱ ሻርፔን ወሰደው፣ አልቆምኩም። እንዴት እንደሚቆምም አላውቅም። ፍሬኑን ረስቼዋለሁ። ሁለት እጄ ላይ መጥረጊያ የለም፣ ሕፃን የለም፣ የገበያ ፌስታል የለም፤ የሳይክል መሪ ብቻ። በዚያ ሰዓት ማንም "ያላ፣ ቶሎ በይ" አላለኝም፤ እኔው ነኝ የቸኮልኩት። ከአጥሩ ማዶ እርሻ ላይ ጎንበስ ብለው የሚሠሩ ሴቶች አሉ። አካባቢው የሶሪያ ስደተኛ የበዛበት ነው። አንዷ ቀና ብላ እጇን አወዛወዘችልኝ። እጄን ላነሳ ስል እንደገና ቦይ ውስጥ ገባሁ። እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ።

ቀትር ላይ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ድፎውን ቆረስን። በስምንት ቆረስነው። አንዱን ቁራሽ ማንም ሳያነሳው ቀረ። ቪዲዮ ደወልንላትና እያንዳንዳችን ስንነዳ አሳየናት። "ቀጥ በይ! ጀርባሽን ቀጥ! ፔዳሉን በጣትሽ እንጂ በተረከዝሽ አይደለም!" እያለች ከዳውራ ሆና አሰለጠነችን። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው ተባባልን፤ ግን ሁላችንም አውቀናል።

ማታ ቤት ስገባ ማዳም ጉልበቴን አይታ "ምን ሆነሽ ነው?" አለች። "ከሳይክል ወደቅሁ" አልኳት። አላመነችም። ልጅቷ ግን ሮጣ መጥታ ቁስሌን እያየች "ወደ ታች አይተሽ ነው አይደል?" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ዕቁባችን ላይ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ለብቻ እናስቀምጣለን። ለሳይክል አይደለም፤ ለባህር ዳሯ ነው። ወረቀቷ ተስተካክሎ አገሯ መግባት ትፈልጋለች። ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ግን የትኬቱ እንኳ ሐሳብ ከላይዋ ይውረድላት ብለን ነው። ባህር ዳር የገባሽ ቀን ሳይክል ላይ ሆነሽ ፎቶ ላኪልን ብለናታል። "በአንድ እጄ እየነዳሁ እልክላችኋለሁ" ትላለች።

እህቶቼ፣ ኢቃማችሁን በእጃችሁ ያዙ፣ ኮፒውን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። እሁድ ያላችሁ ሁሉንም እሁድ በእንቅልፍና በለቅሶ አትጨርሱት። እሁድ የሌላችሁ፣ ከቤት የማትወጡ፣ ወረቀት የሌላችሁ፣ ቁራሻችሁ እኛ ጋ ተቀምጧል። እስከዚያው የናንተንም ድርሻ እየነዳን ነው።