ስለ አንዲት የውኃ ማጣሪያ

በቤት ውስጥ ድምፁን ሳያሰማ የሚያገለግልን ዕቃ ሰው አያስታውሰውም። እኔም ልጄ የስድስት ዓመት ሕፃን ሳለች አጎቷ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ የዓሣ ገንዳውን ከተወላት ጀምሮ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ማጣሪያይቱን አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ ተመልክቻት አላውቅም ነበር። ያስታወስኋት ማንጠባጠብ በጀመረች ሌሊት ነው።

ገንዳው 60 ሊትር ያህል ውኃ የሚይዝ የመስተዋት ሣጥን ሲሆን፣ በውስጡ ልጄ ብርቱካንና ሎሚ ብላ የሰየመቻቸው ሁለት ወርቃማ ዓሦች ይኖሩበት ነበር። ማጣሪያይቱ ደግሞ በገንዳው ጠርዝ ላይ የምትንጠለጠል የፕላስቲክ ሣጥን ናት። ትንሽ ሞተር ውኃውን በቱቦ ስቦ ወደ እርሷ ያወጣዋል፤ ውኃውም በስፖንጅ ውስጥ አልፎ እንደ ፏፏቴ ተመልሶ ይወርዳል። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ይመስላል።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ሰምቼ ተነሣሁ። የምንኖረው በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነውና በመጀመሪያ የጐረቤት ቧንቧ መስሎኝ ነበር። መብራት ባበራ ጊዜ ግን ውኃው ከማጣሪያይቱ የታችኛው ማዕዘን እየወጣ፣ የኤሌክትሪኩን ገመድ ተከትሎ ወደ ሶኬቱ ለመድረስ አንድ ስንዝር ብቻ ቀርቶት አየሁ። ቈጣሪውን አጥፍቼ ገመዱን ነቀልሁ። (ከዚያ ወዲህ ገመዱ ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ እንዲታጠፍና ተመልሶ ወደ ላይ እንዲወጣ አድርጌዋለሁ፤ ጠብታ ቢመጣ ከእጥፋቱ ላይ ይወድቃል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይገባም።) የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ ነበር። የመጣውም ባለፈው እሑድ ሣጥኒቱን ውኃ እንደ ሞላች በአንድ እጄ ይዤ ባነሣኋት ጊዜ መሆኑን ዐወቅሁ፤ ያን ዕለት ቀጭ ያለ ድምፅ ሰምቼ ዝም ብዬ ነበርና።

በማግሥቱ ወደ ሥራ ሳልሄድ ጥገናውን በሩብ ሰዓት ጨረስሁት። ከሱቅ ፈጣን ሙጫ ገዝቼ ስንጥቁ ላይ አፈሰስሁ። እግረ መንገዴንም ስፖንጁን አየሁት፤ ጭቃ የመሰለ ቡናማ ነገር ሞልቶበታል። በዚህ ዓይነት ቈሻሻ ውስጥ ውኃ እንዴት ይጣራል ብዬ በቧንቧ ውኃ ደጋግሜ አጠብሁት፤ እንደ ተገዛበት ቀን እስኪነጣ ድረስም ጨመቅሁት። ባለቤቴን ጠርቼ እስከ ማሳየት መድረሴን አልሸሽግም።

በሦስተኛው ቀን ሙጫው ተሰነጠቀ። ፈጣን ሙጫ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ስለ ሆነ፣ ሌሊትና ቀን የሚንቀጠቀጥ ሞተርን ሊቋቋም አይችልም። በአራተኛው ቀን ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ውኃው ገጽ አውጥተው አየር ይለምኑ ጀመር። በአምስተኛው ቀን ጧት ሎሚ በጐኗ ተንሳፋ ተገኘች።

ልጄ ምን ሆና ሞተች ብላ ጠየቀችኝ። እኔም፣ «አርጅታ ነው» አልኋት። በመሥሪያ ቤት አንድ ዕቃ ሲበላሽ በቃለ ጉባኤው ላይ «በአገልግሎት ብዛት» ብለን መጻፍ የለመድን ሰዎች ስለ ሆንን፣ ቃሉ ከአፌ ለመውጣት ምንም አልዘገየም።

በዚያው ቀን ማታ በጡረታ ላይ የሚገኙ የኬሚስትሪ መምህር ጐረቤታችን ለቡና ገብተው ነበርና ነገሩን ነገርኋቸው። ስፖንጁን በምን እንዳጠብሁት ጠየቁኝ። በነገርኋቸው ጊዜ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፤ ያጠፋኸው ቈሻሻውን አይደለም፤ ሠራተኞቹን ነው» አሉኝ።

ከዚያም እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ የተባለውን መርዝ ወደ ውኃው ያስወጣል። በስፖንጁ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ጕዳቱ እጅግ አነስተኛ ወደ ሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። ይህንንም የሁለት ወገን ሥራ ገልጦ ያሳየው በኪየቭ የተወለደው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ነው። በቧንቧ ውኃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን ለእኛ ጤንነት ጀርሞችን እንደሚገድል ሁሉ እነዚህንም ይገድላል፤ እንደ ገና ተራብተው ለመደራጀት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል።

«እንጂማ፤» አሉ መምህሩ በመጨረሻ፣ «ወርቃማ ዓሣ በደኅና ከተያዘ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል።»

ልጄ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ቀና ብላ ተመለከተችኝ፤ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ሁለተኛውን ጥገና የጀመርነው በማግሥቱ ሲሆን፣ ሦስት ቀን ወሰደብን። መስተዋት ከሚቈርጡ ሰዎች ዘንድ ሲሊኮን ገዛሁ፤ ሻጋታ መከላከያ የተቀላቀለበት ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ዓይነት ዓሣን ስለሚመርዝ፣ ያልተቀላቀለበትን መርጬ ነው። ስንጥቁ እንዳይቀጥል ጫፉን በጋለ መርፌ በሳሁት። ሲሊኮን ፕላስቲክን እንደ መስተዋት አጥብቆ አይዝምና ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ በአልኮል ወለወልሁት፤ ከአሮጌ የካሴት ሽፋን ላይ የቈረጥሁትንም ቍራጭ ከውስጥ በኩል ለጠፍሁበት። የአቼቶ የመሰለው የሲሊኮን ሽታ ቤቱን ሞላው። ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ሁለት ቀን ሙሉ አልነካሁትም፤ ለእኔ ከሥራው ሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር። በዚህ መካከል ስፖንጁ በገንዳው ውስጥ እንደ ተዘፈቀ፣ አየር የምትነፋ ትንሽ ፓምፕ አጠገቡ ትሠራ ነበር። ከውኃው ሲሶውን በየቀኑ እየቀዳን በምትኩ በበርሜል ውስጥ ያደረ ውኃ ጨመርንበት፤ ክሎሪኑ ክፍት ሆኖ ሲያድር ይበናልና። በሰፈራችን ውኃ በተራ ስለሚመጣ ያደረ ውኃ ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም፤ በዚያ ጧት ባልዲውን ከበርሜሉ ብነክር ኖሮ ሎሚ ባልሞተች ነበር።

ሲሊኮኑ ሲደርቅ እየጠበቅን ሳለ ለልጄ እውነቱን ነገርኋት። አርጅታ አለመሆኑን፣ ስፖንጁን ያጠብሁት እኔ መሆኔን፣ ሣጥኒቱንም ያሰነጠቅኋት እኔ መሆኔን ነገርኋት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣

«አባዬ፤ ስትነግረኝ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«ስፖንጁን አላውቅም ነበር፤ አርጅታ አለመሆኑን ግን ዐውቅ ነበር» አልኋት።

በሦስተኛው ቀን ማታ ሣጥኒቱን ውኃ ሞልተን በጋዜጣ ላይ አሳደርናት። ጧት ልጄ ከእኔ ቀድማ ተነሥታ ጋዜጣውን በጣቷ ስትዳብስ አገኘኋት። ደረቅ ነበር። ማጣሪያይቱን ወደ ቦታዋ መለስናት፤ ብርቱካን ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ ከሚለወጠው ውኃ ጋራ ከረመች፤ ዛሬም አለች። ስፖንጁን በገንዳው ውኃ፣ በሣፋ ውስጥ፣ ቀስ ብላ የምታጥበው ልጄ ናት፤ እኔን አታስነካኝም።

ከደብተሯ ላይ ቀድዳ የጻፈችው ወረቀት ከገንዳው በላይ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይገኛል። «ሎሚ የሞተችው አባዬ ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ ስላጠበው ነው» ይላል። እንግዳ በመጣ ጊዜም አላነሣውም።