ጎማው ላይ የተጻፈውን ያነቡታል?

መድኃኒት ሲገዙ ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን ቀኑን ይመለከታሉ። የሕፃን ዱቄት ወተት ሲገዙም ቆርቆሮውን ገልብጠው ሳያነቡ ገንዘብ አይከፍሉም። እነዚሁን ልጆች ጧት ጧት ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው መኪና ግን መሬት የሚነካው በአራት ጎማ ነው፤ እያንዳንዱ ጎማ ከአስፋልቱ ጋር የሚገናኝበት ስፋትም ከአንድ ሰው መዳፍ እምብዛም አይበልጥም። ፍሬኑም፣ መሪውም፣ ሞተሩም የሚሠሩት በዚያች መዳፍ በምታክል ላስቲክ በኩል ነው። ይህን እያወቅን «የጎማ ነገር የወንዶች ነው» ብለን መተዋችን ይገርመኛል።

ጉዳዩን ዛሬ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከሉ ወዲህ በየግቢያችን የሚቆመው መኪና ተለውጧል። ቀድሞ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ይቆምበት በነበረው ቦታ ዛሬ ከፍ ያለና ሰፊ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቤተሰብ መኪና ይታያል። በከተማችን በብዛት ከሚታዩት አንዱ የሆነው ፎልክስዋገን አይዲ 4 ባዶውን ከሁለት ሺህ ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ቪትዝ ግን አንድ ሺህ ኪሎ ገደማ ነው። ለልዩነቱ ትልቅ ድርሻ ያለው ከወለሉ ሥር የተነጠፈው ባትሪ ነው። ከዚህም በላይ የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ቤንዚኑ እስኪያጓራ ድረስ አይጠብቅም፤ መርገጫውን በነኩት ቅጽበት ጉልበቱን ያወጣል። ከባድም ፈጣንም የሆነ መኪና ጎማውን ቶሎ ይጨርሳል። በመሆኑም መኪናውን በብድር የገዛ ቤተሰብ ዕዳውን ከፍሎ ሳይጨርስ የመጀመሪያው የጎማ ወጪ ይመጣበታል። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ «ርካሽ አለ፣ ቆንጆ አለ፣ ስፖርት አለ» የሚለው ሁሉ የሚከበን።

ከሁሉ አስቀድሞ የጎማውን ዕድሜ ይመልከቱ። በጎማው ጎን ላይ ዲ፣ ኦ፣ ቲ ከሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። የጽሑፉ የመጨረሻ አራት አኃዞች ጎማው የተሠራበትን ጊዜ ይናገራሉ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን። ለምሳሌ 2318 ቢል፣ በ2018 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ቆም ይበሉ። ይህ አቆጣጠር የፈረንጅ ነው። በእኛ አቆጣጠር የ2010 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ይውላል። በ2018 ዓ.ም. ጎማ ሊገዛ የወጣ ሰው «18» የሚለውን አይቶ «የዘንድሮ ነው» ቢል አይፈረድበትም፤ ሻጩም ሁልጊዜ አያርመውም። ላስቲክ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። እንደ ሚሽለን ያሉ አምራቾች ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ መልኩ ደህና ቢሆንም እንኳ እንዲለወጥ ይመክራሉ።

በቂርቆስ አንድ ጎማ መሸጫ ውስጥ ያገኘሁት ወጣት፣ ቀኑን ስጠይቀው ጎማውን በእጁ እያሻሸ፦

«እናቴ፣ ፀጉሩ እንኳ አልተነካም እኮ!» አለኝ።

ፀጉር የሚሉት ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ በጎማው ላይ የሚቀሩትን ቀጫጭን የላስቲክ ክሮች ነው። ፀጉሩ መኖሩ ጎማው መንገድ እንዳልወጣ ያስረዳ እንደ ሆነ እንጂ ስንት ዓመት መደርደሪያ ላይ እንደ ቆየ አይናገርም።

«ልጄ፣ ፀጉሩስ ይሁን፤ እስኪ ገልብጥልኝ» አልኩት። አራቱ አኃዞች በአንደኛው ጎን ብቻ ሊጻፉ ስለሚችሉ ማስገልበጥ ግድ ነው። ሲገለብጠው ጎማው ከታናሿ ልጄ በዕድሜ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ሌላም አመጣልኝ።

ነገሬን ላቋርጥና፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ክሪክ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ካዛንቺስ የሚለው የሰፈራችን ስምም ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ስም የተወረሰ ነው። ሰፈሩና ጎማው በስም ዘመዳሞች ናቸው ማለት ይቻላል።

ወደ ቁም ነገሩ ስንመለስ፣ ከዕድሜው ቀጥሎ የሚነበበው መጠኑ ነው። 235/55 አር 19 የሚል ጎማ ስፋቱ 235 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 55 በመቶ ነው፤ የሚገባበትም ቸርኬ 19 ኢንች ነው። ከዚያ ቀጥሎ አንድ ቁጥርና አንድ ፊደል ይመጣል። ቁጥሩ አንዱ ጎማ የሚሸከመውን ክብደት የሚያሳይ ነው፤ 100 ማለት 800 ኪሎ፣ 105 ማለት 925 ኪሎ። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የሚደረገው ትልቁ ጥፋት ከዚህ ቁጥር ላይ ነው። ልኩ ስለ ገጠመ ብቻ ዝቅተኛ ቁጥር ያለው ርካሽ ጎማ ይታሰራል፤ አምስት ሰውና የበዓል ሸቀጥ ሲጨመርበት ጎማው ከአቅሙ በላይ ይሸከማል። ፊደሉ ደግሞ የፍጥነት ነው፤ ቲ 190፣ ኤች 210፣ ቪ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ቀደም ሲል የተሠራው፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው የአይዲ 4 ዓይነት ከ160 በላይ አይሄድም። ታዲያ ከኡራኤል መስቀል አደባባይ ለሚመላለስ ሰው ለቪ ፊደል ተጨማሪ ብር መክፈል ምን ይባላል? አምራቹ ካዘዘው ዝቅ አይበሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው ገንዘብ ግን ለሌላ የቤት ጉዳይ ይዋል። ትእዛዙ በሾፌሩ በር በኩል፣ በሩ ሲከፈት በሚታይ ወረቀት ላይ ተለጥፏል።

አንድ ሌላ የቃል ወጥመድ አለ፤ «የክረምት ጎማ» የሚባለው። እኛ ክረምት ስንል ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናብና ጭቃ ይታየናል። ፈረንጅ ክረምት ሲል በረዶ ነው። በጎኑ ላይ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ጎማ ለበረዶ አገር የታሰበ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ለበረዶ ብቻ የተሠራው ላስቲኩ ለስላሳ ስለ ሆነ በእኛ ፀሐይ በሞቀ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል። ለእኛ ዝናብ የሚበጀው ቦዮቹ ጥልቅ የሆኑ የመንገድ ጎማ ነው። ውሃውን ከሥሩ የሚያስወጡት እነዚያ ቦዮች ናቸውና። በቦዮቹ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጎማው አልቆ ከጉብታዎቹ ጋር እኩል ከሆነ የቀረው ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እኔ ግን እዚያ እስኪደርስ አልጠብቅም። የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ የበጋውን አቧራና ዘይት አስፋልቱ ላይ ሲያላቁጥ ያየ እናት፣ ከሦስት ሚሊ ሜትር በታች ባለ ጎማ ልጅ ጭኖ ቁልቁለት መውረድን አይመርጥም።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ባለ 20 ኢንች ቸርኬ እንድናስገባ አጥብቆ መክሮን ነበር። «መኪናው ግርማ ያገኛል፣ መሪውም ይሰላል» ነው ምክንያቱ። አልዋሸም፤ ጎኑ ያጠረ ጎማ ሲታጠፍ ስለማይወላገድ መሪው ፈጥኖ ይታዘዛል። ነገር ግን ቸርኬው በተለቀ መጠን ላስቲኩ ይሳሳል፤ 235/55 የነበረው 235/50 ሲሆን የጎኑ ቁመት በ12 ሚሊ ሜትር ያህል፣ የጣት ውፍረት በሚያክል ይቀንሳል። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ከፈረሰችና የድሮ ጎረቤቶቻችን ወደ ሌላ ሰፈር ከሄዱ ወዲህ ዋናው መንገድ ሰፍቷል፣ አምሯል። ነገር ግን ማንም ሰው የሚኖረው በዋናው መንገድ ላይ አይደለም። ወደ ቂርቆስ ውስጥ ውስጡን ሲገቡ የድንጋይ ንጣፉ፣ ጉድጓዱና የፍጥነት መግቻው ይጠብቅዎታል። በአዲሱ መንገድ ዳርም የድንጋዩ ጠርዝ ስለታም ነው፤ ሲያቆሙ የጎማውን ጎን ይልጠዋል። ጎኑ የተጎዳ ወይም ያበጠ ጎማ ደግሞ አይለጠፍም፣ ይጣላል። እኛ በ19ኙ ቀረን። ወንድማችን እስካሁን ቅር ብሎታል፤ ነገር ግን ቸርኬ ሲታጠፍ ከፋዩ እሱ አይደለም።

አይዲ 4 ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ የፊቱና የኋላው ጎማ ስፋት አንድ አይደለም። የፊቱ 235 ሲሆን የኋላው 255 ነው። ስለዚህ እንደ ድሮው መኪና የፊቱን ወደ ኋላ አዛውሮ ዕድሜ መቆጠብ አይቻልም። ጉልበቱ በኋላ እግር ስለሚመጣም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው የኋላው ነው። ከበጀቱ ውስጥ በመጀመሪያ የሁለት ሰፋፊ ጎማ ሒሳብ ይያዝ፤ አራቱን በአንድ ቀን መግዛት ላያስፈልግ ይችላል።

በመኪናው መስኮት ላይ «ኢኮ፣ ኮምፎርት፣ ስፖርት» የሚሉ ምርጫዎች አሉ። ስፖርቱ መርገጫውን ነቃ፣ መሪውንም ጠጠር ያደርገዋል። ጎማውን ግን ጎማ ከመሆን አያሳልፈውም፤ የሚያቆምዎ ያው ላስቲክ ነው። ልጆች ከኋላ ካሉ ኢኮ ወይም ኮምፎርት ይበቃል። መርገጫውን ሲለቁ መኪናው በራሱ እየያዘ ባትሪ የሚሞላበትንም ስልት በቀስታ ይልመዱት፤ ድንገት ድንገት ሲለቁት ከኋላ ያለው ሕፃን ያቅለሸልሸዋል። መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረውን መሣሪያ ግን «ያጓትታል» ብሎ የሚያጠፋ ሰው ካጋጠመዎ ቁልፉን ይቀበሉት።

ነፋስን በተመለከተ፣ ብዙ ጎሚስታ ለማንኛውም የቤት መኪና 30 ወይም 32 መሙላት ልማዱ ነው። ከባዱ የኤሌክትሪክ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በበሩ ላይ ያለው ወረቀት 250 ኪሎ ፓስካል ወይም 2.5 ባር ቢል በጎሚስታው መለኪያ 36 ገደማ ነው። የሚለካውም ጧት ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ አዳማ ደርሰው ሞቆ ከፍ ያለውን አይቶ ማስተንፈስ ስሕተት ነው።

ክሪኩ የሚገባበትንም ቦታ ራስዎ ቆመው ያሳዩ። የእነዚህ መኪኖች ወለል ባትሪ ነው። እንደ ድሮው ከመሐል ሥር ክሪክ ቢሰጡት የመኪናውን ውዱን ክፍል ሊወጉት ነው። ከበሮቹ በታች ጠርዙ ላይ ምልክት የተደረገባቸው አራት ቦታዎች አሉ፤ መነሳት ያለበት በእነሱ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ስኮርታ ጎማ ይዘው ስለማይመጡ፣ የኋላውን ወለል ከፍተው ያለዎት ጎማ ይሁን የመለጠፊያ ፈሳሽ ዛሬውኑ ይመልከቱ።

የተጣለውን ጎማ ለማንም «ለስኮርታ ይሆንሃል» ብለው አይስጡ። ጎኑን በቢላዋ ሰንጥቀው ለበረባሶ ሠሪ ይላኩት።