ቅርስ የማን ነው?

እኛ ጥቂት ተማሪዎች ባለፈው ዕረፍት ከጎባ ተነሥተን፣ የሳነቴን ብርድ ተሻግረን፣ የሐረናን ደን አቋርጠን ወደ አንገቱ ወርደን ነበር። ማታ ቡና ተፈልቶ ስንጫወት ያስተናገዱን ሽማግሌ እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፤ «ልጆቼ፣ የባሌ ተራሮች የዓለም ቅርስ ሆኑ ሲባል ሰማን። የዓለም ከሆኑ የእኛ መሆናቸው ቀረ ማለት ነውን?» እኛም፣ እውነቱን እንናገርና፣ መልስ አጣን።

ቃሉን ዘወትር እንናገረዋለን፤ ትርጉሙን ግን መርምረነው አናውቅም። ከተመለስን በኋላ መጻሕፍት አገላበጥን። «ውርስ» ወረሰ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የመጣ ነው፤ ዐረቦች ለዚሁ ነገር የሚናገሩትም ቃል ዘመዱ ነው። እንግሊዞች «ሄሪቴጅ» የሚሉት ከፈረንሳይኛ የተዋሱት ሲሆን፣ ሥሩ «ወራሽ» የሚል የላቲን ቃል ነው። እነዚህ ሁሉ የሚያመለክቱት ተቀባዩን ነው። «ቅርስ» ግን ሌላ ነው። አባቶቻችን «እገሌ ቅርስ አለው» ሲሉ ሐውልት አለው ማለታቸው አልነበረም፤ ሳይበላ ቆጥቦ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ጥሪት አለው ማለታቸው ነበር። በኦሮምኛም «ሀምባ» የተረፈው፣ የቀረው ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቃላት የሚጠይቁት «ማን ተቀበለ?» ብለው ሳይሆን «ማን አስተረፈ?» ብለው ነው።

እንግዲህ ሐረናን ማን አስተረፈው? ዩኔስኮ ተራሮቹን የመዘገበው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው። በዛፍ ጥላ ሥር የበቀለውን የዱር ቡና የሚለቅሙት፣ ቀፎአቸውንም በዛፍ ላይ የሚሰቅሉት ሰዎች ግን ከዚያ አስቀድሞ ነበሩ። ዛፉ ከተቆረጠ ቡናውም ማሩም እንደሚቀር ለእነርሱ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እርግጥ ዛሬ ደኑን ለእርሻ የሚመነጥርም አለ፤ ጥሪት የሚያባክን ልጅ ከየቤቱ አይጠፋም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 የወጣው የዓለም ቅርስ ስምምነት በአገር ሕግ የተሰጠ የንብረት መብት እንደማይነካ ይናገራል። ይህን ለሽማግሌው ልንነግራቸው በተገባን ነበር። ነገር ግን ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ ደኑ ሲጠበቅ ያስተረፈው ሰው ከተረሳ፣ ነገ የሚያስተርፍ አይገኝም።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ «ቅርስ» የሚለውን ቃል በጽሑፋችን ከማስፈራችን በፊት ያስተረፈው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ። እኛስ ከተማርነው ለአንገቱ ምን እናስተርፋለን?