በራሱ የሚስቅ ሰው

ጎንደርን የሚጎበኝ እንግዳ ፋሲል ግቢን አይቶ፣ በቀሐ ወንዝ ውኃ ወደሚሞላው መዋኛ ወርዶ ሲመለስ ከተማዋን ያወቃት ይመስለዋል። እኔ ግን የአገሩን ጠባይ ለማወቅ አንድ ምሽት አዝማሪ ቤት መቀመጥ ይበልጣል ባይ ነኝ።

አዝማሪው መሰንቆውን እየከረከረ ሲገባ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያማው ራሱን ነው። ድህነቱን፣ ክሳቱን፣ ጥላው የሄደችውን ሴት ያነሣል። ቤቱ በሣቅ ሲሞላ ወደ እንግዶቹ ይዞራል፤ የአንዱ ራሰ በራነት፣ የሌላው ቦርጭ፣ የሦስተኛው ቆንቋናነት ለግጥም ይቀርባል። ተደፈርኩ ማለት አይቻልም፤ ሰውዬው ከሁሉ በፊት የደፈረው ራሱን ነውና። ይህ ብልሃት ከችግር የተወለደ ነው። ኅብረተሰባችን አዝማሪን በዜማው እየተዝናና በሙያው ሲንቀው ኖሯል። በጎንደር አቅራቢያ ባለችው የአዝማሪዎች መንደር በቡርቧክስ መሰንቆ ይዞ ያደገ ልጅ ሊሰድበው የተዘጋጀውን ሰው ቃል ቀድሞ መንጠቅን ከዜማው ጋር ይማራል።

አዝማሪ ቤት ለዓይን አፋርም መጠለያ ነው። «ተቀበል!» ብሎ ስንኙን ካቀበለ፣ አዝማሪው በዜማ አድርጎ ማዶ ለተቀመጠችው ያደርስለታል። ከተሳካ ምስጋናው የእንግዳው፣ ካልተሳካ ኃፍረቱ የአዝማሪው ነው! ይሁንና እንደታዘብኩት የሴቶቹ ዓይን የሚያርፈው በአዝማሪው ግንባር ላይ ብር በሚለጥፈው ጌታ ላይ አይደለም። ቦርጩ ሲነሣበት ከሁሉ ቀድሞ በሣቀው፣ ይባስ ብሎም በገዛ ቦርጩ ላይ ሁለት ስንኝ ባቀበለው ላይ ነው። የሚደብቀው ነገር የለውማ። (ምስኪንነቱን እየዘረዘረ «ኧረ አንተማ ቆንጆ ነህ» እስኪባል የሚጠብቀው ግን ሌላ ነው፤ እሱስ ይሰለቻል።)

ይህን የምጽፈው ስለ ፍቅር ብቻ አይደለም። ግራዚያኒ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከተሞከረበት ግድያ በኋላ ይገደሉ ብሎ ካዘዘባቸው መካከል ጠንቋዮችና አዝማሪዎች ይገኙበታል። ያን ያህል ጦር ያሰለፈ ሰው መሰንቆ ፈራ። የዛሬዎቹ ፖለቲከኞቻችን፣ ገዢም ሆኑ ተቃዋሚ፣ በየመድረኩ ሲቀልዱ እንሰማለን፤ የሚሣቅበት ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ጥሩ አዝማሪ አንድ ምሽት ቢሰጠው ይለያቸው ነበር፤ ስለ ራሱ ሲገጠምበት የሚሥቀው የትኛው እንደሆነ፣ ወደ ጠባቂው የሚመለከተውም የትኛው እንደሆነ።