ስግድ፦ ተራራው፣ ድንጋዩና ቋንቋው

የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን በጎንደርና በአካባቢው ለዘመናት ሲያከብሩት የኖሩት የስግድ በዓል ስያሜውን ያገኘው «ሰገደ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው። ምህላ ተብሎም ይጠራል። በዓሉ የሚውለው ከአስተስርዮ ጾም በ50ኛው ቀን ማለትም በስምንተኛው የጨረቃ ወር በ29ኛው ዕለት ነው።

ሕዝቡ በዋዜማው ገላውንና ልብሱን ያነጻል። በማግሥቱ እህል ውሃ ሳይቀምስ፣ ነጭ ለብሶ ተራራ ይወጣል። በአምቦበር በነበረው ሥርዓት ቄሶቹ በጥላ ተጋርደው፣ በብራና ላይ በግዕዝ የተጻፈውን ኦሪት ይዘው ይቀድማሉ። ከሚከተላቸው ምእመን ብዙው በራሱ ወይም በትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ሽቅብ የሚወጣው፤ ድንጋዩ የትሕትናና የንስሐ ምልክት ነውና። ከላይ ሲደረስ ድንጋዩ ይወርዳል፤ ወፎች እንዲለቅሙት ዘር ይበተንበታል፤ ይህም ለሙታን መታሰቢያ ነው። የተውኔት ሰው እንደመሆኔ ብዙ ምልክታዊ ትርኢት አይቻለሁ፤ ሸክሙን በአንዲት ቅጽበት ለወፍ ገበታ ያደረገ ግን አላጋጠመኝም።

ከዚያ ንባቡ ይቀጥላል። የሲና ቃል ኪዳን ከኦሪት ዘፀአት፣ ከምርኮ የተመለሰው ሕዝብ ሕጉን ሰምቶ ያለቀሰበት ታሪክም ከመጽሐፈ ነህምያ በግዕዝ ይነበባል፤ ትርጓሜው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይከተላል። ቀኑ ካጋመሰ በኋላ ነጋሪት እየተመታ፣ እየተዘመረ ቁልቁል ይወረዳል፤ ጾሙ ይፈታል፤ እስክስታው ይደምቃል።

ከተራራው ግርጌ የነበረው ኑሮ ግን ሌላ ነበር። ርስት የተነፈገው ይህ ሕዝብ ጭሰኛ ሆኖ አረሰ፤ ብረት ቀጠቀጠ፤ ሸክላ ሠራ። ጎረቤቱ እርሱ በሠራው ማረሻ እያረሰ፣ በሸክላው እየቀቀለ፣ መልሶ «ቡዳ» ይለው ነበር። የሚያስገርመው ደግሞ ሰዳቢውም ተሰዳቢውም ፈጣሪያቸውን የሚማጠኑት በአንድ ግዕዝ መሆኑ ነው። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ስድቡን ግን አዋጅ አልሻረውም።

በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ እስራኤል ተጓዙ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። የእስራኤል ምክር ቤት በ2000 ዓ.ም. ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ በሕግ ደነገገ። ዛሬ ቄሶቹ ጥላቸውን ዘርግተው የሚጸልዩት በኢየሩሳሌም፣ አሮጌውን ከተማ ቁልቁል ከሚያሳይ ከፍታ ላይ ነው።

ታዲያ ኢየሩሳሌምን ለማየት ሲለመን የኖረ ጸሎት ኢየሩሳሌም ከገቡ በኋላ ምን ይሆናል? ቤተ መቅደሱ ገና ስላልታነጸ ልመናው አላለቀም የሚል መልስ አለ፤ ሃይማኖታዊ መልስ ነው፤ አከብረዋለሁ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የቋንቋው ጉዳይ ነው። በዕብራይስጥ ያደገው ወጣት በአያቶቹ በዓል ላይ ይቆማል፤ ዜማውን ይሰማል፤ ግዕዙን ግን አያውቀውም። ጸሎቱን በቃላቸው የያዙት ሽማግሌ ቄሶች እያለፉ ነው። ዜማውንና ንባቡን ቀድቶ ማስቀመጥ ለእስራኤል ሊቃውንት ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም፤ ግዕዝን የሚያስተምሩ የእኛ ትምህርት ቤቶችም ድርሻ አላቸው።

በጎንደር ከተማ ዘመዶቻቸውን ለመቀላቀል ዓመታት የጠበቁ ቤተሰቦችም ስግድን ያከብራሉ። እነርሱ ፊታቸውን አሁንም ወደ ሰሜን መልሰው፣ ያልደረሱባትን ከተማ ይለምናሉ።